ፎቶው ሳይደርስሽ የቀረበት ምክንያት

ለልጄ ለወይንእሸት ወልደ ኪዳን
ካለሽበት ቤይሩት ይድረስሽ።

ልጄ ወይንዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ወገቤን ያልሽው ሕመም ለቀቀሽ? እህልስ ትቀምሻለሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? የምትሠሪላቸው ሴትዮ ከመርዶው ወዲህ ትንሽ ዕረፍት ሰጡሽ ወይስ እንባሽን እየጠረግሽ ሥራ ላይ ነሽ? አገሩስ ረጋ? እኔ እናትሽ አለሁ። ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም፤ ግን አለሁ። አባትሽም አሉ። ጉልበታቸው ይዟቸዋል እንጂ ቤተ ክርስቲያን መሳለሙን አልተዉም። ላሚቱ ወልዳለች፤ ጥጃዋ ቀይ ናት።

ይህን የምጽፍልሽ ኔትወርክ ስለጠፋ ብቻ አይደለም። በስልክ ድምፅሽን ስሰማ ስለ ከብቱ ስለ ዝናቡ አወራለሁ፤ መናገር የምፈልገውን ሳልናገር ይቋረጣል። የጎረቤታችን ልጅ ስርጉት ወደ እናንተ አገር ልትመጣ ስለሆነ በእሷ እጅ እልከዋለሁ። እጄ ዘገምተኛ መሆኑን ታውቂያለሽ። ድሮ የምልክልሽን እኔ እየተናገርኩ ወንድምሽ ያየህ ነበር የሚጽፍልኝ። አሁን የራሴን እጅ ማንበብ ልመጂ።

ያንን ፎቶ ላኪልኝ ብለሽ ለምነሽኝ ነበር። የሄድሽ ዕለት አራታችን የተነሣነውን፣ ያየህ እጁን ትከሻሽ ላይ ያደረገበትን። የአገር ልጆች እሑድ እሑድ ክፍልሽ መጥተው ሲያለቅሱልሽ የምትይዢው የወንድምሽ ፎቶ እንደሌለሽ፣ የአንቺው በመጀመሪያዋ አሠሪሽ ቤት ከቀረው ስልክ ጋር እንደጠፋ ነግረሽኛል። እኛም እዚህ፣ የሰውን ሲያነሣ ኖሮ ለብቻው የተነሣው ሌላ የለውምና፣ የመታወቂያውን አስፍተን ይዘን ነው ያለቀስነው። አንቺ ግን አልወደድሽውም። «እሱ የቀበሌ ፊት ነው፣ ያየህ አይደለም» አልሽኝ። እውነትሽን ነው። ከዚያ ወዲህ በደወልሽ ቁጥር ነገ ነገ እያልኩ አቆየሁሽ። ዛሬ ልንገርሽ፤ ያ ፎቶ የለም ልጄ። እንዴት እንደጠፋ ከሰው ከምትሰሚው ከእኔው ስሚው።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ያየህ በየዓመቱ በጥምቀት ማግስት አባትሽንና እኔን ከራሱ ፎቶ ቤት ወስዶ ያቆመን ነበር። አባትሽ መጀመሪያ ላይ «በአንድ ዓመት ምን የተለወጠ መልክ አለኝ?» እያሉ ያጉረመርሙ ነበር። ኋላ ግን ጋቢያቸውን አሳጥበው ቀድመውኝ የሚወጡት እሳቸው ሆኑ። ያየህ ካሜራውን አስተካክሎ ይጫንና ሮጦ መጥቶ ከጎናችን ይቆማል። አንቺን ደግሞ ከዚያ ከላክሽው ፎቶ ቆርጦ ያስገባሽና አራት እንሆናለን። ሁሉንም የሚሠራው የሄድሽ ዕለት በተነሣነው ፎቶ ላይ ነው። አሮጌውን አያጠፋም፤ አዲሱን ከላዩ ያነጥፋል። እሱ ላየር ይለዋል፣ እኔ ንጣፍ እለው ነበር። ከእያንዳንዱ ንጣፍ ጎን ትንሽ የዓይን ሥዕል አለች። እሷን ሲጫናት ያ ንጣፍ ይሰወራል፤ ደግሞ ሲጫናት ይመለሳል።

አንድ ቀን አጠገቡ አስቀምጦኝ ዓይኖቹን ከላይ ጀምሮ እየዘጋ አሳየኝ። የአባትሽ ሽበት እየጠፋ፣ የእኔ ጉንጭ እየሞላ፣ አንቺም ልጅ እየሆንሽ ሄደን ሄደን ያ የተለያየንበት ጠዋት ላይ ደረስን። ቦርሳሽ እንኳ ከእግርሽ ሥር ይታያል። «አየሽ እማ፣ ከሥር ሁላችንም አለን» አለኝ።

ታዲያ ያ ፎቶ የሚያቀናብርበት ፕሮግራም በየጊዜው አዲስ ይወጣለታል። አፕዴት ይሉታል። ያየህ ግን ከድሮው ንቅንቅ አላለም። ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት ጋር አያገናኘውም፤ ካገናኙት ሳያስፈቅድ ራሱን ያድሳል ብሎ ይፈራል። ደንበኛ ፎቶ ሲልክለት በስልኩ ተቀብሎ በፍላሽ ነው የሚያስገባው። የድሮው ፕሮግራም ያለበትን ሌላ ፍላሽ ከሱቁ ቁልፍ ጋር በክር አስሮ ከኪሱ አይለየውም ነበር። ምንይሉ፣ ያ ሞጣ ፎቶ ቤት ያለው፣ በሠርግ ሥራ አብሮት የሚዞረው ጓደኛው፣ ይስቅበት ነበር። «ሰው ሁሉ አዲሱን ይዞ ሲሄድ አንተ ከቅድመ አያቶችህ ጋር ቀረህ» ይለዋል። ያየህም «የእኔ ኮምፒውተር ሽማግሌ ነው፤ አዲሱን ጫንበትና ሲያቃስት ስማው» ብሎ ያስቀዋል።

ቁም ነገሩን ግን ለእኔ ነግሮኝ ነበር። የእኛ ፎቶ ብዙ ዓመት ሲጨማመር የኖረ ነው። ድሮ በነበሩ፣ አሁን ፕሮግራሙን የሚሠሩት ሰዎች በተዉአቸው መሣሪያዎች ጭምር የተሠራ ነው። አዲሱ ፕሮግራም እነዚያን ስለማያውቅ ንጣፎቹን እንደ ድሮው አይገልጣቸውም ብሎ ይሰጋ ነበር። «ደህና ኮምፒውተር ስገዛ አንድ በአንድ አውጥቼ ለየብቻ አስቀምጣቸዋለሁ» ይል ነበር። ሳይገዛ ቀረ።

ባለፈው ጥምቀት አባትሽንና እኔን አነሣን፤ የአንቺንም አዲሱን አስገባ። እሱ ግን አልቆመም። ዓይኑ ቢጫ መምሰል ጀምሮ ነበር። «ሲነጻልኝ እነሣለሁ» አለ። እኔም «በኮምፒውተርህ የሰውን ዓይን ስታነጻ የምትውል ልጅ፣ የራስህንም አንጻውና ቁም እንጂ» ብዬ ቀለድኩበት። «የራሴንስ አልዋሽም» ብሎ ሳቀ። እሱ ያለበትን ያለፈውን ዓመት ንጣፍ ዓይን ዘጋና በአንቺና በእኔ መካከል ያለውን ቦታውን ለአዲሱ ክፍት ተወው። ዓይኑ አልነጻለትም። ባሕር ዳር ስንወስደው ጉበቱ ነው አሉን። ክረምቱን እዚያው አስታምመነው በነሐሴ ሬሳውን ይዘን ገባን። ይህን ታውቂያለሽ፤ ለምን ደግሜ እንደጻፍኩት እንጃ።

ከአርባው በኋላ ምንይሉ ኮምፒውተሩን ወደ ሞጣ ወሰደው፤ ያየህ የጀመረው የሰው ሠርግ ፎቶ ነበረና እሱን ሊጨርስ። ያን ሰሞን ነው አንቺ ፎቶውን የጠየቅሽኝ፤ እኔም ለእሱ ደውዬ ነገርኩት። እሱም «የደንበኛው ይቆይ፣ የእህቱ ይቅደም» አለኝ። ቶሎ ይድረስሽ ብሎ ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት ጋር አገናኘው። ፎቶው ከባድ ሆኖ አልሄድ ሲለው እንደተከፈተ ትቶት ምሳ ሊበላ ወጣ። ሲመለስ ፕሮግራሙ ራሱን አድሶ ጠበቀው። ፎቶውን እንደገና ሊከፍት ሲል በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቀው። አንዳንዱን ንጣፍ ማንበብ አቅቶኛል፣ ላይ ላዩን የሚታየውን ብቻ ልክፈተው ወይ ማለቱ ነበር፤ ይህን ያወቀው ግን ኋላ አስነብቦ ነው። ያን ጊዜ እንደ ዘወትሩ ጥያቄ መስሎት እሺ አለው። ፎቶው ተከፈተለት። ደስ አለውና አስቀመጠው። ያስቀመጠው በዚያው በአሮጌው ላይ ነው፤ አሮጌውም በዚያው ጠፋ።

በዓይኔ ልየው ብዬ መንገዱ ሲከፈት ሞጣ ሄድኩ። ጉንደ ወይን ላይ ጎማ ፈንድቶብን ከጸሐይ ተቀምጠን ዋልን። ምንይሉ ሱቅ ስገባ ውበቴ የምትባል በርበሬ ነጋዴ በልጇ ሠርግ የተነሣችውን ታሠራለች። «አዲሱ ሳይነኩትም ያሳምራል አሉ። እስቲ አንዱን አገጬን አንሣልኝ፣ ሁለት ይዤ ምን ልሠራበት?» ትለዋለች። እሱም «አንሥቼ የት ላድርገው?» ይላታል። «ለባሌ ስጠው፣ እሱ ጭራሽ የለውም» አለች። እኔም ሳላስበው ፈገግ አልኩ ልጄ። ከነሐሴ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው፤ አፈርኩ። ምንይሉ ቀና ብሎ ሲያየኝ ፊቱ ጠቆረ። «እማማ፣ ይቀመጡ» አለኝና ወንበሩን ለቀቀልኝ።

ፎቶውን ከፈተልኝ። አባትሽ ከዳር ቆመዋል፤ ከእሳቸው ቀጥሎ እኔ፣ ወዲያ ማዶ አንቺ። በእኔና በአንቺ መካከል የፎቶ ቤቱ ሰማያዊ መጋረጃ ይታያል። ሌላ ምንም የለም። «የሱን ዓይን ክፈትልኝ» አልኩት። በጣቱ ወደ ጎን አሳየኝ። ከጎን የነበሩት እነዚያ ሁሉ ዓይኖች ጠፍተው አንዲት ብቻ ቀርታለች። እሷን ሲጫናት ሁላችንም አንድ ላይ ጠፋን። ደግሞ ሲጫናት አንድ ላይ ተመለስን። ከሥር ማንም የለም።

ያልሞከረው የለም። ከሱቁ ቁልፍ ጋር የታሰረውን ፍላሽ አምጥቶ የድሮውን ፕሮግራም መልሶ ጭኖ ነበር፤ አዲሱ የነካውን ድሮው ጭራሽ አያውቀውም። ባሕር ዳር ድረስ ይዞት ሄዶ አዋቂ የተባለ ሰው አሳየ። ሰውየውም «ንጣፎቹ አንድ ወረቀት ሆነዋል፤ ከእንግዲህ አትልፋ» ብሎ መለሰው። ይህን ሲነግረኝ ምንይሉ አለቀሰ። ውበቴም ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ አብራው አለቀሰች፤ ያየህን ጨርሶ አታውቀውም።

ከዚያ ምንይሉ «አንድ ነገር ላሳይዎት» አለኝ። የመታወቂያውን ፊት አምጥቶ በሌላ ሰው ሰውነት ላይ አድርጎ ከመሐላችን አቆመው። አዲሱ ፕሮግራም ብርሃኑንም ጥላውንም ራሱ አመሳሰለው፤ ለማያውቅ ሰው ምንም አይለይም። እኔ ግን አንገቱን አየሁት። ያየህ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ ነው የሚቆመው። «አውጣልኝ ልጄ፣ ይህ የሰው ልጅ ነው» አልኩት፤ አወጣው። «እንግዲያው ክፍተቱ እንዳይታይ ልዝጋው?» አለኝ፤ አንድ ጊዜ ቢጫነው አንቺን ወደ እኔ ያስጠጋልኛል። ውበቴ «ዝጋላት፣ ባዶውን እያየች ከምትቃጠል» አለችው። እኔ ግን አልፈቀድኩም። እንዳለ እጠበው አልኩት። አጥቦ በፖስታ አድርጎ ሰጠኝ።

ልወጣ ስል ከኮምፒውተሩ ጥግ ላይ አንድ ጽሑፍ ብቅ አለ። ደግሞ ሌላ አዲስ አፕዴት መጥቶ ኖሯል። ምንይሉ ደንግጦ እጁን ሰበሰበና አየኝ። «ይጫን» አልኩት። «ያደረገውን ያድርግ። ከእንግዲህ የሚያጠፋብኝ የለም።»

ቤት ስገባ ግድግዳው ላይ ያለው የፎቶ መስታወት ትዝ አለኝ። ያየህ በየዓመቱ አዲሱን ፎቶ ሲያጥብ አሮጌውን ከውስጡ ሳያወጣ አዲሱን ከፊት እየጨመረ ነበር የሚሰቅለው። የፊተኛው እንደተበላሸ አውቃለሁ፤ ክረምቱን ቤቱ ባዶ ሆኖ ጣራው ሲያፈስ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቋል። የኋለኞቹ ግን ይተርፉ ይሆናል ብዬ ከፈትኩት። ሁሉም አንድ ላይ ደርቀው እንደ ሳንቃ ሆነዋል። በለብ ያለ ውሃ ነክሬ በጥፍሬ ልልጥ ሞከርኩ። የሚወጣው ቀለሙ ብቻ ነው፤ ውሃው ሰማያዊ ሆነ። አባትሽ ከደጅ ገብተው አዩኝና ስሜን ጠርተው «ተይው አገሬ፣ በጥፍርሽ ፊቱን አትላጪው» አሉኝ። ተውኩት። ውሃውን የትም መድፋት አቅቶኝ እስኪመሽ ጎድጓዳው ሳህን ውስጥ ተቀመጠ።

ወይንዬ፣ በዚህ ምንይሉን አትቀየሚው። አንቺም ባልጠየቅኩ ኖሮ ብለሽ በራስሽ ላይ እንዳታደርጊው፤ እህት የወንድሟን ፎቶ ብትጠይቅ ምን ነውር አለው? አምላክ ያውቃል ብዬ ላጽናናሽ ብዕሬን አነሣሁና መልሼ አስቀመጥኩት። እኔም አልተጽናናሁም። ቀኑ ይመሻል፣ ይነጋል፤ ሌላ የምነግርሽ የለኝም።

ከዚህ ጋር ያለው ፎቶ ያ ነው። እሑድ ሰው ሲመጣ እሱን ያዢ። ባዶውን ቦታ ሰው አያየውም፣ መጋረጃ ነው የሚመስላቸው። አንቺ ግን ታውቂዋለሽ። ያየህ እዚያ አለ ብዬ አላታልልሽም፤ የለም። ግን ቦታው የሱ ነውና ማንም ምንም እንዳያስገባበት። አዲሱን ፕሮግራም ያውቃል የተባለ ሰው ብታገኚም እንዳታሠሪበት።

አባትሽ ወልደ ኪዳን «ልጄን ሳሚልኝ፣ በጾሙ ራሷን አትጉዳ» ብለውሻል። ምንይሉ በአካል ይቅርታ የምጠይቃት ቀን ይምጣልኝ ይላል። ከአርባው ጀምሮ ያልተለዩኝ የዕድራችን ሴቶች ሁሉ እየተንሰቀሰቁ ሰላም ብለውሻል። ስርጉትን እንደ እህትሽ ተቀበያት፤ አገሩን አታውቀውም። እሑድ እሑድ አብረውሽ ለሚያለቅሱት ልጆች እናታችሁ አመሰገነቻችሁ በይልኝ።

ያየህ ደብዳቤዬን ሲጽፍልኝ ከታች የራሱን ሰላምታ የሚጨምርበት ቦታ ይኸው እዚህ ላይ ነበር። አልጻፍኩበትም፤ ለሱ ተውኩት።



እናትሽ አገሬ
ቢቸና
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.