ሦስት መቶ አርባ ዳክዬ

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

እንደምን ሰነበትክ? እዚህ ደሴቷ ላይ ከነፋሱ በቀር የሚያስቸግረን የለም። አባዬም ደህና ነው። ብርዱ ስለገባ ወፎቹ ባሕሩን እያቋረጡ ወደ ሞቃቱ አገር መሄድ ጀምረዋል።

ትናንት ማለዳ እንደ ድሮው ከመብራት ማማው ጀርባ ያለችው ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ትዝ ይልሃል? አባዬ ወፎቹን እየቆጠረ ሲጠራ አንተ ትጽፋለህ፣ እኔ ደግሞ የሻዩን ፔርሙዝ ታቅፌ እንቀጠቀጣለሁ። አንድ ቀን ያልመጣ ሽመላ ብትጨምር ደብተሩን ነጥቆህ፣ «ያላየኸውን አትጻፍ» ብሎ ሳምንት ሙሉ አኮረፈህ። እኔ በሳቅ ሞትኩ።

አሁን ደብተሩ የኔ ነው። አባዬ ያንን አሮጌ የሩቅ ማያ መነጽር ዓይኑ ላይ ደግኖ፣ «ዳክዬ፣ አርባ። ከኋላ ሌላ ስልሳ» ይላል። ድምፁ ያው የድሮው ነው። ሁለት ጊዜ በአንተ ስም ጠራኝ፣ እኔም አቤት አልኩት። ሦስት መቶ አርባ ላይ ሲደርስ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «እንዲህ ያለ ቀን አይቼ አላውቅም» አለኝ። እንደዚያ ደስ ብሎት ካየሁት ቆይቻለሁ።

ልንነሳ ስንል መነጽሩን ተቀብዬ ወደ ማኅደሩ መለስኩት። የመስታወቶቹ ሁለት ክዳኖች ከፊት እንደተገጠሙ ነበሩ፤ ከጠዋት ጀምሮ አይቻቸዋለሁ።

ሦስት መቶ አርባውን አንድም ሳላስቀር ጽፌዋለሁ።

ጀልባዋ አሁንም ሐሙስ ሐሙስ ትመጣለች፣ ቦታም አይጠፋም። በሰላም ያገናኘን።

እህትህ