ስድስት ምት ያለው ቃል

ውድ ልጄ ሩሊ፣

ይህን የምጽፍልሽ በራሴ እጅ ነው። ፊደሉ ቢንጋደድ እንዳትስቂ። ብትስቂም ግድ የለኝም።

በመጋቢት ደውለሽ «አባዬ፣ ትናንት ምን ቀን ነበር?» አልሽኝ። «ማክሰኞ ነዋ!» አልኩሽ። «ሃምሳ ዓመት ሞላኝ እኮ!» ስትይ፣ ይቅርታ በማለት ፈንታ «በዚህ ዕድሜ ልደት ምን ያደርጋል?» ብዬ አረፍኩ። ስልኩን ዘጋሽው። ይኸው ስምንት ወር ሆነን።

ልደትሽን ንቄ አይደለም። ማንበብ አልችልም ነበር። የተወለድሽው በረዶው ቀልጦ፣ ለምከድነው ጣሪያ ሸምበቆ በጀልባ ጭነን ስንመለስ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቁጥሩን የያዘችው ግን እናትሽ ነበረች። ጠዋት ከሽንት ቤት ስትወጣ፣ እንደ አገራችን ልማድ እዚያው ግድግዳ ላይ የሰቀልነውን የልደት መቁጠሪያ አይታ «ሃርም፣ ዛሬ የእገሌ ቀን ነው፣ ደውል!» ትለኝ ነበር። እሷ ከሞተች በኋላ ገጹን የገለጠው የለም። እንግዳ አንብብ ሲለኝ «መነጽሬ ጠፋ» እላለሁ። እናትሽ «ሃምሳ ዓመት ሙሉ የጠፋ መነጽር!» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ለሌላ ሰው ግን ትንፍሽ አላለችም።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ ቤተ መጻሕፍት እማራለሁ። ረጃጅሞቹ ቃሎቻችን ያስፈሩኝ ነበር። አስተማሪዬ ኑርቸ፣ «አባባ ሃርም፣ ሁለት ቃል ተጣብቆ ነው። መገጣጠሚያውን ፈልግና ቆራርጠው። ክብደቱን ፊተኛው ቃል ላይ ጣል፣ ኋለኛው ይከተላል» አለችኝ። ፊተኛውን ቃል ሳነብ ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት።

«ኧረ ቀስ! ጣሪያ አይደለም እኮ!»

«ሸምበቆም ካልመቱት አይተኛም» አልኳት።

ባለፈው እሑድ ሽንት ቤት ተቀምጬ የመቁጠሪያውን ሽፋን ግድግዳውን እያንኳኳሁ አነበብኩት፤ ፈር፣ ያር፣ ዳኽስ፣ ካ፣ ሌን፣ ደር። ስድስት ምት ሆኖ አንድ ቃል፣ «የልደት መቁጠሪያ»! ሁለተኛዋን ጠበቅ አድርጌ መታኋት። ከዚያ ወር በወር እየገለጥኩ መጋቢት ደረስኩ። ሩሊ ይላል። ከጎኑ በእናትሽ ጽሕፈት «ሃርም ራሱ ይደውል» የሚል አለ። ስንት ሰዓት እዚያ እንደተቀመጥኩ አልነግርሽም።

አጥፍቻለሁ፣ ልጄ። በስልክ አትመልሺልኝ፤ በስልክ መዋሸት ይቀለኛል። ጻፊልኝ። ገና ተቆጥተሽ ከሆነም ቁጣሽን በረጃጅሙ ቃል ጻፊው፣ ለእኔ ብለሽ እንዳታሳጥሪው። ማንንም ሳልጠራ፣ ቁርጥራጩን እየቆጠርኩ እስከ መጨረሻው አነበዋለሁ።

ፖስተኛውን በር ላይ የሚጠብቀው አባትሽ፣
ሃርም