ቦታዋን የተነጠቀችው ተዋጊ

ቦንጋ፣ እሑድ ጥር 17 ቀን 2007 ዓ.ም.

ዛሬ ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ።

ፊልም በምጭንበት በወንድሜ ፊልም ቤት የአኒሜ፣ የጃፓን ካርቱን፣ ርዕስ የሚጠራልኝ የለም። ሰው የወደደውን ታሪክ ያወራልኝና “እንደሱ ያለ ጫኚልኝ” ይላል። ትናንትም፣ የቅጥር ፈተናውን አንደኛ አልፌ ሳለ ሥራዬን ለእህቱ ልጅ የሰጠብኝ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ፍላሽ ይዞ መጣ። ፊት ለፊት አንቱ አልኩት፤ እዚህ ማስታወሻዬ ላይ ግን አልለውም።

“ልጄ አንዲት ሰይፈኛ ካየች ወዲህ ሌላው አልጥማት ብሏል” አለኝ።

“ሰይፉን ነው የወደደችው ወይስ ልጅቷን?”

“እልኋን!”

የማይረባ ነገር ጭኜ ልሸኘው አማረኝ። ግን በሥራዬ አልቀልድም። በሥዕሉም በእልኋም ያቺን ሰይፈኛ የምትመስለውን፣ ቦታዋን ለአለቃዋ ዘመድ የተነጠቀችውን ተዋጊ መረጥኩለት። ፍላሹ ስለሞላ ግማሹ ብቻ ገባ።

ዛሬ ከቅዳሴ መልስ የኃላፊው ልጅ እየሮጠች መጣች።

“እትዬ፣ አባዬም አብሮኝ አየ! ቦታዋን ሲነጥቋት ብድግ ብሎ ‘ይሄማ ግፍ ነው!’ አለ። ቀሪውን ቶሎ አምጪ ብሎኛል።”

ሳቄን ዋጥኩት።

“ቀሪውን የምሰጠው ለእሳቸው ነው። እንደ ማንኛውም ደንበኛ ይምጡና እስካሁን ያዩትን ያውሩልኝ።”

ነገ በጠዋት እከፍታለሁ። ቦታዋን ማን እንደወሰደባት ሲነግረኝ ዓይን ዓይኑን አየዋለሁ።