በእግር የሚደረስ ባሕር

ሮተርዳም፣ ሻርሎይስ
ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበርሽው ባለቤቴ ለወይዘሮ ኣብረኽት፣
ፖርት ሱዳን።

በሰባት ዓመቴ በየኔታ ፊት በአንድ እግሬ ቆሜ ዳዊት ደግሜአለሁ፤ አንድ ቃል ስስት ጆሮዬ እስኪደማ ተቆንጥጫለሁ። በምጽዋ ጉምሩክ ዐሥር ዓመት ሙሉ በዚያ ሐሩር ከረባቴን ሳልፈታ ሠርቻለሁ። ከልጃችን ከሰገነት ጋር ዘጠኝ ቀን በእግሬ ተጉዤ ድንበር ተሻግሬአለሁ። ስንቱን መርከብ በፊርማዬ ሳስገባና ሳስወጣ የኖርሁ ሰው፣ እዚህ አገር በስድሳ ዓመቴ የትምህርት ቤት ወለል ወልውያለሁ። ስለ አንዱም ለማንም ቃል አልተነፈስሁም። ያንቺ የአራት መስመር ደብዳቤ ግን ዕረፍት ነሣኝ።

«የመግቢያ ወረቀቱ ካለቀ እመጣለሁ» ብለሽ ጽፈሻል። «ነገር ግን በእግሬ የምደርስበት ባሕር ከሌለ አልመጣም። ባሕሩን እርስዎ ይምረጡት፤ እስከ ዛሬ ሁሉን የመረጡት እርስዎ ነዎት።» የመጨረሻውን ቃል ደጋግሜ አነበብሁት። ከዚያም ባሕሩን ለመምረጥ ተነሣሁ።

እኔ ያለሁበት ሰፈር ከባሕር ሩቅ ነው። መርከቦች የሚገቡበትን ሁክ ፋን ሆላንድን አስቀድሜ አየሁት፤ ነፋሱ ሰው ያንገዳግዳል፣ በአቅራቢያውም የሚሰጠን ቤት የለም። ስለዚህ ወደ ዴን ሃግ ለመዛወር ኸሜንተ የሚሉትን የከተማ አስተዳደር ጠየቅሁ። ጸሐፊዋ ሁለት ባዶ ቤቶች እንዳሉ ነገረችኝ። አንዱ ስኬቨኒንገን በሚባለው ዳርቻ ከታላቁ ሆቴል አጠገብ ነው፤ ሌላው ከዚያው ወረድ ብሎ በዓሣ አጥማጆቹ ወደብ በኩል ነው። እስከ ሐሙስ ካልመረጥሁ ሁለቱም ለሌላ ይሰጣሉ።

ባለፈው እሑድ እንደ ልማዴ ደብተር ይዤ ሄድሁ። ሰገነት አብራኝ መጣች። በስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ የመንገደኞች ምግብ ታሰናዳለች፤ የዕረፍት ቀኗ ነበር። ሃያ አንድ ዓመት ሞልቷታል። እዚህ እንዳደጉት ልጆች ሁሉ «አንተ» ትለኛለች። እኔም ማረሙን አልተውሁም፣ እርሷም አልታረመችም።

የሆቴሉ ዳርቻ ደስ አሰኘኝ። መንገዱ ንጹሕ ነው፤ አግዳሚ ወንበሮቹ ደረቅ ናቸው፤ ሽማግሌዎች ኮፍያቸውን አንሥተው ሰላም ይላሉ። የነፋሱን አቅጣጫ፣ የመቀመጫውን ብዛት፣ ከወንበር እስከ ውኃ ያለውን ሁለት መቶ እርምጃ መዝግቤ ከሥሩ «አንደኛ ደረጃ» ብዬ ጻፍሁ። ሰገነት በትከሻዬ ላይ አሻግራ አነበበች።

«አባ፣ ለእማዬ ባሕር ነው የምትመርጠው ወይስ ለራስህ ወንበር?»

«ሰው መቀመጫ አያስፈልገውም?»

«ውኃውስ? ሁለት መቶ እርምጃ! እማዬ በመነጽር ልታየው ነው?»

«አክብረሽ ተናገሪ።»

«እሺ። እማዬ በመነጽር ሊያዩት ነው?»

ተቆጣሁ። በዳርቻው ወደ ወደቡ በኩል ወረድሁ፤ እርሷም እየሳቀች ተከተለችኝ። በዚያ ጭጋጉ ከመውረዱ የተነሣ ባሕሩ አይታይም፤ ድምፁ ብቻ ይሰማል። የዚያ ሰፈር ባልቴቶች፣ የዓሣ አጥማጅ ሚስቶች የነበሩት፣ እስከ ዛሬ ረጅም ጥቁር ቀሚስ ይለብሳሉ፤ ከላይም ኩታ የመሰለ ልብስ ይደርባሉ። አንዷ ጀርባዋን ሰጥታን አሸዋው ላይ ተቀምጣ ነበር። ባየኋት ጊዜ ከኋላዋ ቆምሁ።

ታስታውሺ እንደሆነ፣ በምጽዋ ፀሐይ ስትጠልቅ በጥዋለት ደሴት ዳር ድንጋዩ ላይ ተቀምጠሽ እግርሽን ውኃ ውስጥ ትነክሪ ነበር። «ይምጡ፣ ይቀመጡ» ትዪኛለሽ። እኔ ግን የጉምሩክ ሹም እንዴት መሬት ላይ ይቀመጣል ብዬ፣ ዐሥር እርምጃ ከኋላሽ ርቄ ከዘራዬን ተደግፌ እቆም ነበር። ከባሕሩ ይልቅ አብልጬ የማውቀው ጀርባሽን ነው።

ባልቴቲቱ ዞር ብላ አየችን። «ጌታው፣ ቆመው የሚጠብቁት መርከብ አለ? ከሌለ ይቀመጡ» አለች። ሰገነት ተረጐመችልኝ።

«አሸዋው እርጥብ ነው በያት።»

ባልቴቲቱ ሳቀች። «ሰማንያ ዓመት ተቀምጬበታለሁ። ደርቆ አያውቅም።»

ካፖርቴን ሰብስቤ፣ ከዘራዬን አጋድሜ ተቀመጥሁ። ጉልበቴ ጮኸ፤ ሱሪዬም ረጠበ። ምንም አልሆንሁም። ሰገነትም መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች።

«እማዬ እንዲህ ነበር የምትቀመጠው?»

«እንዲህ ነበር።»

«አንተስ?»

«ከኋላ ቆሜ።»

«ሁልጊዜ?»

«ዐሥር ዓመት።»

ልጅሽም «ለአንድ ዓመት ትምህርት ብለህ ነበር የወሰድከኝ» አለች። ቁጣ አልነበረባትም። «አዎን» አልኋት። በስድሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ወደ አዲስ አበባ ስወስዳት ስምንት ዓመቷ ነበር፤ አንቺም «አይሆንም» ብለሽ ነበር። በዓመቱ በጦርነቱ መንገዱ ተዘጋ። መንገዱን የዘጋሁት እኔ አይደለሁም እያልሁ ዐሥራ ሁለት ዓመት ኖሬአለሁ። እዚያ አሸዋ ላይ ግን ይህን ለማለት አፌ አልታዘዘኝም።

ስለ ባሕሩ አላታልልሽም። ቀይ ባሕር አይደለም። መልኩ አመድ ነው፤ እግር የሚነከርበት ወር ከሁለት አይበልጥም፤ ሰኔ ላይ እንኳ ጭጋግ ይመጣል። ጨው ጨው ይሸታል፤ መረብ የሚጠግኑ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ሲጨቃጨቁና ሲሳሳቁ ይሰማል። አንቺ ጥዋለት ላይ ጆሮሽን ሰጥተሽ የምታዳምጪው እንዲህ ያለውን ነበር። በርበሬና ቅመሙ ትራንስቫል ከሚባለው ሰፈር ገበያ በትራም ይመጣል። በወደቡ በኩል ያለው ቤት ደረጃው ቀጥ ያለ ነው፤ ለእኔ ጉልበት አይመችም። ከበሩ እስከ ዳርቻው አራት መቶ ሠላሳ እርምጃ ነው። ከምትቀመጪበት እስከ ውኃው ግን ስድስት ብቻ ነው። ይህን ለመለካት ሰኞም፣ ማክሰኞም፣ ዛሬም ብቻዬን በባቡር ተመላልሻለሁ። አንድ ጊዜ መለካት ይበቃ ነበር። ከቤት ስሆን መቀመጥ አልቻልሁም፤ ስደርስ ደግሞ መመለስ አቃተኝ።

ነገ ሐሙስ ነው። የወደቡን ቤት እፈርማለሁ። ብትመጪም ባትመጪም እፈርማለሁ። የምትመጪበትን ቀን ከጻፍሽልኝ ስኪፖል እንገኛለን። የምትመጪ ካልሆነም ጻፊልኝ፤ ከመጠበቅ አሳርፊኝ።

የብስንና ቀላይን የፈጠረ አምላክ በሄድሽበት ሁሉ ይከተልሽ፤ ዓይንሽን ለልጅሽ ያቆይልሽ፤ የልጅሽንም ዓይን ለአንቺ።

ዕድሜዬ የሚያስገድደኝን ኑዛዜ በግልጽ ጽፌ ልፈጽም። ረቂቁን ሰገነት አንብባ «አባ፣ እኔ ሻንጣ ነኝ እንዴ?» ብላኛለች። ሻንጣ አይደለችም፤ ነገር ግን እኔ የማውቀው የመተማመኛ ቋንቋ የጉምሩክ ቋንቋ ነው። ስለዚህ ዳዊቴንና ከዘራዬን ለሰገነት አወርሳለሁ። ሰገነትን፣ ለአንድ ዓመት ብዬ ወስጄ ዐሥራ ሦስት ዓመት ያቆየኋትን ልጅ፣ ለእናቷ ለኣብረኽት አስረክባለሁ።

ባለቤትሽ
አድማሴ ማንደፍሮ