ለአንድ ሰዓት ብቻ ንጹሕ ስለሚሆኑት ሚኒባሶች

ለተከበሩ ኢንጂነር ስቶይልኮ ባልካንዲዬቭ፣
የተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ደረትዎ ሰላም፣ ትንፋሽዎም ረጅም ይሁንልኝ እያልኩ፣ ከጣቢያዎ አጥር ማዶ የምኖር ጎረቤትዎ ይህን ደብዳቤ በሰው ሁሉ ፊት ስጽፍልዎ እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ባለቤቴ ዲሞ ሃያ ስድስት ዓመት በፕሎቭዲቭ ከተማ አውቶቡስ ነድቶ አሁን ሳንባው ደክሞ ተኝቷል፤ ሐኪሙም ቀን ቀን መስኮቱ ክፍት ይሁንለት ብሏል። መስኮታችን የሚከፈተው በእርስዎ በኩል ነው።

አንደኛ፣ ጭሱ ተለክቶ ንጹሕ ለተባለ መኪና ሁሉ መስታወቱ ላይ ስለሚለጥፉት አረንጓዴ ተለጣፊ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። በስልሳ አንድ ዓመቴ ፊደል ስቆጥር መጀመሪያ አንብቤ የጨረስኩት በዲሞ መድኃኒት ላይ ያለውን ጽሑፍ ነበር፤ ሁለተኛው ይኸው የእርስዎ ተለጣፊ ነው። ሁለቱንም አምኜ ነበር።

ሁለተኛ፣ የኪሮ ጋራዥ ከጣቢያዎ በር አጠገብ መሆኑ እንዴት ያለ መልካም አጋጣሚ ነው። ሚኒባሶቹ ጠዋት ወደ ኪሮ ይገባሉ፤ እሱም ኮፈኑን ከፍቶ፣ ሞተሩ እንዴት መስተካከል እንዳለበት ፋብሪካው የለጠፈውን ወረቀት እያየ ነዳጁን በልኩ ይቀንስላቸዋል። እንደ በግ ዝም ብለው ወደ እርስዎ ይሻገራሉ፤ ተለጣፊያቸውን ተቀብለው ደግሞ ወደ ኪሮ ይመለሳሉ። ያን ጊዜ የቀነሰውን ነዳጅ ይጨምርላቸዋል፤ ዳገት የሚያወጣቸው ጉልበት ይመለስላቸዋል፤ ጭሱም አብሮ ይመለሳል። ዲሞ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥና «አንቺ፣ ይቺ ስትገባ ሌላ ሞተር ነበረች፤ አሁን ናፍጣ ግተዋታል» ይለኛል። ከዚያ ሳሉ ይነሳበታል፤ እኔም መስኮቱን እዘጋለሁ። ኮፈኑ ሥር ያለው ወረቀትና መስታወቱ ላይ ያለው ተለጣፊ የሚስማሙት ለአንድ ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚገዛው የኪሮ ካቻቢቴ ነው።

ኪሮን ራሱን ጠይቄው ነበር። «እማማ ስታምካ፣ ፊደል የቆጠሩት ትናንት፤ ዛሬ ደግሞ ሞተር ሊያነቡ ነው? ይልቅ የባልዎን ጀርባ ይሹለት» አለኝ። ምክሩን ተቀብያለሁ፤ በየቀኑ አሸዋለሁ።

ሦስተኛ፣ በመጋቢት ላቀረብኩት አቤቱታ «በጣቢያችን ውስጥ የሚያጨስ መኪና አልተገኘም» ብለው በማኅተም መልሰውልኛል። እውነትዎን ነው፤ እኔም በጣቢያዎ ውስጥ የሚያጨስ አይቼ አላውቅም። ነገር ግን መለኪያዎን ይዘው ሠላሳ እርምጃ ወጣ ቢሉ፣ ያንኑ መኪና በዚያው ቀን ከኪሮ በር ሲወጣ ቢለኩት ምን ይጎድልብዎታል? ይህችን ሠላሳ እርምጃ ለምን እንደማይራመዱ ሳስብ ክፉ ክፉ ነገር ይመጣብኛል። ኪሮ የባለቤትዎ ወንድም መሆኑን ባልሰማ ኖሮ ይህ ሁሉ ጥርጣሬ ባልገባኝ ነበር።

ወንበርዎ አይነቃነቅ፣ ማኅተምዎ አይደብዝዝ፣ የእርስዎ መኝታ ቤት መስኮት ግን ሁልጊዜ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይከፈት እያልኩ በታላቅ አክብሮት እሰናበትዎታለሁ።

ስታምካ ራንጌሎቫ፣
ከአጥሩ ማዶ

ሳልረሳው፦ አንድ አረንጓዴ ተለጣፊ የሚተርፍዎ ከሆነ ይላኩልኝ። በዲሞ ደረት ላይ እለጥፍለታለሁ፤ ሳሉን የሚሰማ ጎረቤት ሁሉ ባሌ ንጹሕ አየር እየሳበ መሆኑን እንዲያውቅ።