መርዶ በኮሪደር ላይ

ነሐሴ 9 ቀን፣ ሆሳዕና

ብዕሩን የያዘችው የልጄ ልጅ ምሕረት ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ ነው። ስለ ራሷም ቢሆን ያልኩትን ሳትቀንስ ትጻፍ።

ሐኪም መሆን ስለምትመኝ፣ ክረምቱን በበጎ ፈቃድ ሆስፒታል እየዋለች የማዋለጃ ክፍሏን ነርስ፣ ሲስተሯን፣ ስትከተል ነው የከረመችው። ዛሬ አንዲት ወላድ ሞተች። ሲስተሯ ሀዲይኛ አታውቅምና «ለአባቷ አንቺ ንገሪልኝ» አለቻት። እሷም እዚያው ኮሪደር ላይ፣ ለቆመ ሰው «ሞታለች» አለችው። ሽማግሌ ሳይጠራ፣ ሰውየው ሳይቀመጥ! ወደቀ። ዘመዶቹ «አሳዳጊ የበደላት!» ብለው ጮኹባት።

አሳዳጊዋ እኔ ነኝ። በዚህ ሰፈር መርዶ ሲኖር የሚጠራውም እኔ ነኝ። ስለዚህ እኔም ተቆጣኋት።

«አባባ፣ ሁለተኛ አልሄድም» አለች። ከዚያ ወዲህ ትንፍሽ አላለችም፤ እህልም አልቀመሰችም። ጨነቀኝ። ምን ላድርግ?

ይሄንንም ጻፊው። መርዶ ልነግር በሄድኩ ቁጥር ጉልበቴ ይከዳኛል፤ ሌሎቹ ሽማግሌዎች አጠገቤ የሚቆሙት ለዚህ ነው። አንቺን ግን ሆስፒታሉ ውስጥ ብቻሽን አቆሙሽ። ነገ ለቅሶው ቤት አብሬሽ እገባለሁ።

በይ፣ የጻፍሽውን አንብቢልኝ። ድምፅሽን ልስማው።