በረዶ የለበሱት የፖም አበቦች

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 20፣ ቶሮንቶ

ልጄ ሄለን ደህና ትሁን አትሁን አላወቅሁም። በአልፕስ ተራሮች መካከል ያለችው ትንሽ መንደሯ በፖም ዛፎች የተከበበች ናት። ልጠይቃት ሄጄ ወደ ቶሮንቶ በተመለስኩበት ዕለት ማለዳ አበቦቹ ሁሉ በረዶ ለብሰው አየኋቸው፤ ባሏ ውርጭ ፈርቶ ውኃ ሲረጭባቸው አድሯል።

«ገደላቸው እኮ!» አልኳት።

«አይ አባዬ፣ ከውርጩ የሚያድናቸው በረዶው ነው፤ ውኃው ሲረጋ ሙቀት ይለቃል። አስተማሪ አልነበሩም እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።

«አንቺስ ደህና ነሽ?» ስላት ሳቋ ቆመ። ጎንበስ ብላ የሻንጣዬን ዚፕ ትዘጋ ጀመር፤ ዚፑ ግን ተዘግቶ ነበር።

ተማሪ መልሱን እስኪያገኝ ዝም ብሎ መጠበቅ እችልበት ነበር። ዛሬ ግን ክሬሰንት ታውን የሚባለው ሰፈር ባለው ቤቴ ውስጥ ከመስኮት ወደ በር ስመላለስ ዋልኩ። በመጨረሻ ጻፍኩላት፦ «ሄለንዬ፣ ደህና ነሽ ወይ ያልኩሽ ጥያቄ አሁንም እንዳለ ነው። እባክሽ ቶሎ መልሽልኝ።»